ዘጌን በአንድ ቀን፦ ከነፋሱ ቀድሞ መውጣት፣ መንደሩ ውስጥ መዋል

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ የጀልባ መነሻው፤ ፀሐይ ገና ስትወጣ]

ጣና ጠዋትና ከሰዓት አንድ ሐይቅ አይደለም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ዳርቻው ላይ ብትቆሙ ውኃው ጸጥ ብሎ ታዩታላችሁ። 9 ሰዓት ላይ እዚያው ቦታ ስትመለሱ ግን አረፋ ያዘለ ሞገድ ድንጋዩን ሲደበድብ ታገኙታላችሁ። የዛሬው ቪዲዮ ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ ዘጌ ውሎ፣ በጊዜ ስለ መመለስ ነው። ዕቅዱንም የምንጀምረው ከዚህ ነፋስ ነው።

ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ፣ ሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ዳርቻ ይነፍሳል። ጣና ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሰፊ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ ጠለቀ በተባለበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ላይ የሚነሣ ሞገድ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ስለሆነ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ነጂዎቹ ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል፤ ጠዋት እየቀለዱ የወሰዷችሁ ሰዎች ከሰዓት ወሬ ያቆማሉ። «ትንሽ ልተኛ» ብሎ 4 ሰዓት ላይ የሚነሣ ተጓዥ ሲመለስ ልብሱ መርጠቡ አይቀርም።

[ምስል፦ ካርታ፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የተሰመረ መስመር]

ዘጌ ደሴት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዘጌ ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ወደ ውኃው የገባ፣ በአንድ ወገኑ ከየብሱ ጋር የተያያዘ መሬት ነው። በመኪናም ይደረሳል፤ ግን መንገዱ ሐይቁን ዞሮ ነው የሚሄደው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ሰው ብዙውን ጊዜ ዘጌ የሚሄደው «ገዳሙን አይተን እንምጣ» ብሎ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይወጣል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ፎቶ ይነሣና ወደ ጀልባው ይወርዳል። ለእኔ ይህ ግማሽ ጉዞ ነው። ዘጌን ልዩ የሚያደርገው ገዳሙ፣ ጫካውና የሰዉ አኗኗር በአንድ ውል የታሰሩ መሆናቸው ነው። ያንን ለማየት ደግሞ ከወደቡ ርቆ በእግር መሄድ ይጠይቃል። ስለዚህ በአንድ ቀን ሦስት ደሴት ለማዳረስ የሚሮጠውን ዕቅድ ተዉት፤ ቀኑን ሙሉ ለዘጌ ስጡት።

ጀልባ ስትከራዩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። ነጂው በልቡ የሚያስበው የተለመደውን፣ ኡራ አድርሶ ጥቂት ጠብቆ መመለስን ነው። እናንተ ግን ልትውሉ ነው የምትሄዱት። «ወንድሜ፣ እኛ እስከ 7 ሰዓት እዚያ ነን፤ መጠበቂያው ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም?» ብላችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ጨርሱ። ጀልባው የሚከራየው በሙሉ ስለሆነ አራት አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ለኪስ ይቀላል። ላይፍ ጃኬቱ ለሁሉም ሰው መኖሩን ዓይታችሁ፣ አጥልቃችሁ ተቀመጡ፤ መቀመጫው ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጃኬት ሞገድ ሲመጣ አይደረስበትም። የአገሬው ሰው የሚሳፈርበት ጀልባም አለ። ርካሽ ነው፣ ጨዋታውም ይጥማል፤ ሰዓቱ ግን የእናንተ አይደለም።

አንድ ነገር ሳንሸፋፍን እንናገር። በእነዚህ ዓመታት በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱም ጉዞውም አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ቆይቷል። በዋዜማው ጀልባ ነጂዎቹን ጠይቁ፣ ዘጌ ዘመድ ያለውን ሰው ደግሞ ለብቻው ጠይቁ። ከሁለቱ አንዱ «ይቅር» ካለ ይቅር፤ ዘጌ የትም አይሄድም።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ ገጽ]

ቀን ስትመርጡ የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። ወር በገባ በ16 ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ዓመታዊው በዓል የካቲት 16 ነው። ልትሳለሙ ከሆነ የምትሄዱት ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ሥዕሉን ረጋ ብላችሁ ልታዩ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይሻላል። እሑድ ማለዳ ቅዳሴ አለ፤ በጾም ቀን ደግሞ ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያ በኋላ ይገፋል፤ ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ በዓል ካልዋለበት፣ ጥሩ ነው። ከወራቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን እመርጣለሁ፦ ዝናቡ አባርቶ ጫካው ገና አረንጓዴ ነው፣ ቡናውም የሚቀላውና የሚለቀመው ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ጫማ ያወልቃል።

[ምስል፦ የኡራ ወደብ፤ ወደ ላይ የሚወጣው የጫካ መንገድ]

ኡራ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበሏችሁ ቲኬት የሚቆርጡትና አስጎብኚዎቹ ናቸው። ዝርዝር ብርና መታወቂያ ያዙ፤ የመግቢያ ዋጋው ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ አንድ አይደለም። አስጎብኚ መያዝ ትርፍ ወጪ አይምሰላችሁ። ጫካ ውስጥ መንገዱ ብዙ ቦታ ይከፈላል፤ የማን ግቢ መሆኑን የሚያውቅ የአገሩ ልጅ ከፊታችሁ ሲሄድ «ቡና ጠጡ» የሚለው ግብዣም ይበዛል።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትገቡ ጫማ ይወልቃል። ካልሲ አድርጉ፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ ሊኖር ይችላል፣ ይህን ማንም አስጎብኚ አይነግራችሁም። ሴቶች ረዘም ያለ ቀሚስና ነጠላ ይዘው ይምጡ። አባቶችን ስታገኙ «ይፍቱኝ አባ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፎቶ ጠይቁ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው «አይቻልም» መባሉ አይደንቅም።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ሥዕሎቹ ያሉት የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን ሞልተው ነው፤ ብዙዎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ፣ ዓይን ይደክማል። በአንድ ነገር ጀምሩ፦ ዓይን ቁጠሩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ነው የሚታየው። ይህን ካወቃችሁ ታሪኩን የማታውቁት ሥዕል ፊት ቆማችሁ እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ትለያላችሁ።

[ምስል፦ የሚዛኑ ሥዕል፣ ቀረብ ብሎ]

ከዚያ በላዔ ሰብእን አሳዩን በሉ። ሰው ሲበላ የኖረ ሰው ነው፤ 78 ነፍስ በላ ይባላል። አንድ ቀን በውኃ ጥም የተቃጠለ ምስኪን በእመቤታችን ስም ለመነውና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀን 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውኃ በሌላው ወገን ሚዛን ላይ ተቀመጡ። እመቤታችን ጥላዋን በውኃው ላይ ስታጠላበት ውኃው መዘነ። ለኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ከዚህ የሚቀርብ ታሪክ የለም፣ ኪዳኑ ማለት ይኸው ነውና። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ እዚህ ሥዕል ፊት ጥያቄ ይበዛባችኋል፤ ጊዜ ያዙለት።

ከኡራ ሌላ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ ቤተ ማርያም፣ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት፣ ፉሬ ማርያምም አሉ። አንድ ጨምሩ፣ ሁለት አትጨምሩ። ክብራን ገብርኤልን በመንገዳችን እንያት ለምትሉ፦ ደሴቷ ላይ ሴት አትወጣም። እናትና እህት ጀልባ ላይ አስቀምጦ መውጣት ለቤተሰብ ጉዞ አይሆንም።

[ምስል፦ በቡና ዛፎች መሐል የሚሄድ ጠባብ መንገድ]

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከኡራ ጀርባ መንገዱን ይዛችሁ ወደ አፋፍ፣ ወደ ከተማዋ በኩል ሂዱ። አሥር ደቂቃ ከሄዳችሁ በኋላ ቆም በሉና የሌለውን ነገር ፈልጉ። የታረሰ ማሳ የለም፣ የተጠመደ በሬ የለም፣ በባሕር ዳር ዙሪያ በየደረሳችሁበት የምታዩት የጤፍ ክምር የለም። ጎጃም ውስጥ ሆናችሁ በሬ የማይጠመድበት አገር!

አባቶች ሲናገሩ ነገሩ ከአቡነ በትረ ማርያም ይጀምራል። ጻድቁ በትራቸውን ሦስት አድርገው ቆርጠው ተከሉት፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ። ቃል ኪዳኑም «ሳታርሱ በእነዚህ ትኖራላችሁ» የሚል ነው። ስለዚህ ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በገዳሙ ሥርዓት ነውር ሆኖ ኖረ። ታሪኩን እንደ እምነት ተቀበሉት ወይም እንደ አፈ ታሪክ ስሙት፤ ውጤቱ ግን ዓይናችሁ ፊት ቆሟል። ከብት ስለሌለ የቡና ችግኝ የሚረግጥ፣ ቡቃያ የሚግጥ የለም። ማሳ ስለማይመነጠር ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሾላው ቆሞ ቡናውን ያጠላዋል። ሰዉ እህሉን የሚያገኘው ቡናውንና ጌሾውን ሸጦ ከገበያ ነው፤ ያው ቡና በደንገል ታንኳ ተጭኖ ሐይቁን ሲሻገር ኖሯል። የሐይቁ ዙሪያ ተመንጥሮ አልቆ ዘጌ ብቻ ጫካ ሆና የቀረችበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ዩኔስኮ ጣናንና አካባቢውን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዘገበ፤ ዘጌ ግን ጠባቂዋን ከዚያ በፊት አግኝታለች።

ብርብራውን አስጎብኚያችሁ ያሳያችሁ። ጠፍጣፋ እንክብሉን የሚያፈነዳ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያደነዝዛል፤ የጣና ዓሣ አስጋሪዎች ከጥንት የሚያውቁት መላ ነው፣ ዛሬ ግን ጫጩቱን ሁሉ ስለሚፈጅ የሚወገዝ።

[ምስል፦ ግቢ ውስጥ የተሰጣ ጀንፈል ቡና፤ ጀበና]

ቤቶቹ በቡናው መሐል ተራርቀው ነው ያሉት። በለቀማ ወራት ግቢው ሁሉ ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና፣ ተሰጥቶበት ታያላችሁ፤ እንዳትረግጡ ዳር ዳሩን ሂዱ። ደጅ ላይ ቡና የሚለቅሙ እናት ካገኛችሁ «እማማ፣ በርቱ» ብሎ ማለፍ ይበቃል። «ግቡ» ካሉ ግን የጊዜ ሒሳባችሁን አስተካክሉ። አቦሉን ጠጥቶ ብድግ ማለት ያሳፍራል፤ በረካው እስኪወርድ አንድ ሰዓት ያልፋል። ለዚህ ነው ከገዳማቱ አንድ ብቻ ጨምሩ ያልኩት። ለቤት ቡና መግዛት ካሰባችሁም ከዚያው ከጓሮው ግዙ፤ ኪሎውን ስትስማሙ የተፈለፈለ ይሁን ጀንፈል መጀመሪያ ተናገሩ፣ ዋጋው የተለያየ ነው።

አፋፍ ስትደርሱ ምሳ ታገኛላችሁ። ጾም ከሆነ ሽሮና በየዓይነት፤ ካልሆነ የጣና ዓሣ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኛ አንከፍተውም፤ ገዳም ጥግ ላይ ተቀምጣችሁ እናንተም ባትከፍቱት ይመረጣል። የሚጠጣ ውኃ ከባሕር ዳር ይዛችሁ ውጡ። ዳርቻው ላይ ደግሞ እግር ነክሮ መዝናናት ይቅር፣ ውኃው ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ።

[ምስል፦ ሰዓት፤ ከዚያ ወደቡ]

ከኡራ ወርዳችሁ አፋፍ ስለምትጨርሱ፣ ጀልባችሁ የት እንደሚጠብቃችሁ ጠዋት ላይ ተስማሙ። ነጂው ወደ አፋፍ በኩል ዞሮ ሊወስዳችሁ ከተስማማ ቀኑ ዘና ይላል። ካልተስማማ የመጣችሁበትን የእግር መንገድ ደግሞ ወደ ኡራ መመለስ አለና ምሳውን ቀደም አድርጉት። የስልክ ኔትወርክ አይመካበትምና ሰዓቱን በአፍ ቁረጡ። ከሰዓት 7 ሰዓት ላይ ከዘጌ የተነሣ ጀልባ ብዙውን ጊዜ ሞገዱ ሳይበረታ ባሕር ዳር ይገባል፤ በ9 ሰዓት የተነሣ ነጂውን ያስጨንቃል።

ጠዋት ደርሳችሁ ሐይቁ ገና በማለዳው ከተናወጠ ወይም ነጂው ሰማዩን ዓይቶ ከንፈሩን ከነከሰ አትጫኑት። ደብረ ማርያም ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነች የገዳም ደሴት ናት፣ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አፍ ላይ፤ ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬም ታያላችሁ። በየብስ ልሂድ ካላችሁ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዘጌ የያዛችሁትን ነጠላና ዝርዝር ብር ግን አታውጡት፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሆናል።