ለቅሶ የሚደርስ ማኅበር

የተከበራችሁ የሃይማኖት የለሽ ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አባላት፣ ከቨርጂኒያም ከሜሪላንድም የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከአገሩ ለወጣ ሰው ቤተክርስቲያንና መስጊድ ብዙ ነገር ነው። ሥራ የሚጠቆመው፣ የሚከራይ ክፍል የሚገኘው፣ ልጆች አማርኛ የሚማሩት እዚያ ነው። አራስ ጠያቂውም የሚመጣው ከዚያው ነው። «እኔ አላምንም» ያለ ሰው ይህን ሁሉ ባንዴ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ብዙው ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል። እኔ አልፈርድበትም።

ባለፈው ክረምት የአንዲት አባላችን እናት አዲስ አበባ አረፉ። መርዶ በስልክ አይነገርምና ወንድሟ የደወለው ለእኛ ነበር። ገና ሳይነጋ ተሰብስበን በሯን አንኳኳን። እንዳየችን ገባት። አንዱ ልጆቿን ትምህርት ቤት አደረሰ፣ አንዷ ቡና አፈላች፣ ሌላው የአውሮፕላን ቲኬት ሲፈልግ ዋለ። ከእኛ መሀል የሚጸልይ አልነበረም። ስለ እናቷ ንገሪን አልናት። እስከ ማታ ነገረችን። ጎረቤቷ ጴንጤ ናቸው፤ ዳቦ ይዘው መጥተው አብረውን አመሹ።

ማኅበራችን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም የሚለውን ክርክር ቤታችን ቁጭ ብለንም እንደርስበታለን። ሐዘን ግን ሰው ይፈልጋል።

ደግሞ ከባዶ አልተነሳንም። አዲስ አበባ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባንድ የሰፈር እድር ይታቀፋል። እድሩ መዋጮህን ከከፈልክና ቀብር ከወጣህ ድንኳኑን ይተክልልሃል። በሌላ አገርም አርአያ አለን። የኖርዌይ ሂውማኒስቶች፣ ማለትም ያለ ሃይማኖትም በሥነ ምግባር መኖር ይቻላል የሚሉ ሰዎች፣ ማኅበራቸውን የመሠረቱት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ አባሎቻቸው ከ100 ሺህ በላይ ናቸው። ለሕፃን ስም ማውጫ፣ ለሠርግ፣ ለቀብር የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በ15 ዓመታቸው ገደማ ያሉ ልጆችም ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ሰብዓዊ መብት ኮርስ ወስደው በድግስ ይመረቃሉ። ልጆቻችን እንዲህ ያለ ቀን ቢኖራቸው ምንኛ ደስ ባለኝ!

አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሡ። እዚህ መምጣቱን ቤተሰቡ የማያውቅ ሰው መሀላችን አለ፤ መቼ እንደሚናገር የሚወስነው ራሱ ነው። በአማኞች ላይ ማላገጥም ይቅርብን። እየጾሙ፣ እየሰገዱ ያሳደጉን እናቶች ናቸው። አንዳንዶቻችሁ ዛሬም ይዛችኋቸው መጥታችኋል፤ ምሳው ላይ የጾም ምግብ አለ።

ከሰዓት የምትመርጡት ኮሚቴ ከሁሉ በፊት የቀብርን ጉዳይ ይያዝልኝ። ሬሳ ወደ አገር ቤት መላክ ከባድ ወጪ ነው። እዚህ ልቀበር የሚል አባል ቢኖርስ፣ ያለ ቄስና ያለ ሼክ ማን ይሸኘዋል? ፈቃዳችንን በጽሑፍ ካላስቀመጥን ዘመድ በመሰለው ይወስናል፤ በሐዘን ላይ ጭቅጭቅ ይጨመርበታል። ቅጹ በር ላይ ካሉት ልጆች ጋር አለ። ከመሄዳችሁ በፊት ሙሉት።

ጉባኤው ተከፍቷል።