መርከበኛ ያስኮበለለ ምን ይቀጣ ነበር?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ነን። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1852፣ አገሩ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት። ባላራትና ቤንዲጎ ላይ ወርቅ ተገኝቷል። ወደቡ በመርከብ ተሞልቷል። ሸራው አለ፣ ጭነቱ አለ፣ ሰው የለም! መርከበኞቹ በሌሊት ወርደው ወርቅ ሊቆፍሩ ሄደዋል። አንዳንዱ ካፒቴን ራሱ ተከትሏቸው ሄዷል።

የጠፋውን መርከበኛ ለጊዜው እንተወው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ሰውዬ ነው። «ና ውረድ፣ እኔ እደብቅሃለሁ» ያለው።

ይህን ሰው ለመረዳት የቤት ሠራተኛ ደላላን አስቡ። ታውቁታላችሁ፣ አታስመስሉ! ሠራተኛ ያመጣላችኋል። ኮሚሽኑን ይቀበላል። ልጅቷ ወጡንም ቤቱንም ለመደች፣ ልጆቹም ወደዷት። ወር ሳይሞላ ይደውልላታል። «እህቴ፣ የተሻለ ደሞዝ ያለው ቤት አግኝቼልሻለሁ።» ሄደች። አሁን እናንተ ለማን ትደውላላችሁ? ለራሱ ለደላላው! እሱም ያዝናል። «አይ እመቤቴ፣ የዛሬ ልጆች እኮ…» ይልና ሌላ ያመጣላችኋል። ሌላ ኮሚሽን። እሷን የወሰደው ቤትም ከፍሎታል። ሰውዬው በአንድ ወር ሦስት ጊዜ በላ ማለት ነው። (የተቃጠላችሁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ተንፍሱ፣ ይቀልላችኋል።)

የወደቡም ደላላ እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ማደሪያ ቤት አለው። መርከበኛው ሲወርድ አልጋ፣ ምግብ፣ መጠጥ ይሰጠዋል፤ ሁሉም በዱቤ። ዕዳው ሲቆለል ሰው ላጣ ሌላ ካፒቴን ያስረክበዋል። ለመርከበኛው የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ታዲያ ማን ኪስ ይገባል? እንግዲህ ገምቱ።

ሕጉን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። ለንደን በ1854 የንግድ መርከቦች ሕግ አወጣች። መርከበኛ እንዲጠፋ የገፋፋ ሰው እስከ 10 ፓውንድ ይቀጣል። እያወቀ የደበቀ እስከ 20። ያውም በአንድ መርከበኛ። የጠፋው ራሱ እስከ 12 ሳምንት ይታሰራል፤ ደሞዙንና መርከቡ ላይ የተወውን ዕቃ ያጣል። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።

መደበቅ ከመገፋፋት እጥፍ መሆኑን አያችሁ? በእኔ ግምት ወሬ ምስክር ይፈልጋል፤ አልጋ ስር የተኛ ሰው ግን ጎትቶ ማውጣት ነው።

ቆይ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉማ።

አሁን ባለፈው ቪዲዮ ስር የተደጋገመው ነገር። «መርከበኛ ያስኮበለለ ይሰቀል ነበር» ብላችሁ ጻፋችሁ። አንዱማ «አንተ ታሪክ አታውቅም» ብሎኛል። ወንድሜ፣ ተረጋጋ።

ነገሩ ከመሬት አልተነሳም። በ1797 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ስፒትሄድና ኖር በተባሉ የመርከብ ማረፊያዎች ላይ አመፀ። ፓርላማው ደነገጠና ሕግ አወጣ። ወታደርን ወይም የባሕር ኃይል ሰውን ሆን ብሎ ከግዳጁና ከታማኝነቱ ሊያስወጣ የሞከረ ሞት ይጠብቀዋል። በ1837 ሞቱ ቀርቶ ወደ ሩቅ ቅኝ ግዛት መጋዝ ሆነ። የሕጉ ዒላማ ግን አመፅ ቀስቃሽ እንጂ የሜልበርኑ ባለ ማደሪያ አይደለም። በዚያ ላይ የንግድ መርከበኛ በፊርማው የገባ ሠራተኛ ነው፤ የንጉሡ ወታደር አይደለም። እነዚህን ሁለቱን አታምታቱብኝ!

«የባሕር ኃይሉ ከዳተኛስ አልተሰቀለም?» ተሰቅሏል። ጄንኪን ራትፎርድ ነሐሴ 1807 ሃሊፋክስ ላይ፣ ኖቫ ስኮሺያ፣ መርከብ ላይ ተሰቀለ። እንግሊዞቹ ቼሳፒክ ከተባለ የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ በመድፍ ተኩስ አስገድደው ነው ያወረዱት። ግን ይህ ዋናው ልማድ አልነበረም። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን በ1803፣ ቀደም ባለው ጦርነት 42,000 የባሕር ኃይል ሰው ከድቷል ብሎ ገምቶ ነበር። ይህ ሁሉ ቢሰቀል በኋላ በትራፋልጋሩ የባሕር ውጊያ ላይ ማን ይዋጋ ነበር? ጅራፉ ነው ሥራ የበዛበት።

ታዲያ 10 ፓውንዱ ደላላውን አስቆመው? የት ይቆማል! ጠዋት «ሰው አስኮበለሉብኝ» ብሎ የሚጮኸው ካፒቴን ማታ ሰው የሚገዛው ከእነሱ ነው። ማን በማን ላይ ይመስክር?

በሚቀጥለው ቦስተን እንሄዳለን፣ 1747። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዡ ኮሞዶር ኖውልስ መርከበኞቹ ሲጠፉበት የወደቡን ሰው አፍሶ ወሰደ። ከተማው ሦስት ቀን ታመሰ፤ ገዥው ሸርሊ ወደብ ውስጥ ካለው ምሽግ ገባ። እንዳያመልጣችሁ፣ ደወሏን ተጫኑ። ቻው!