ለእናትም ቀጠሮ አለ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ልጆቻችንና ስለ ሱስ ነው። እህቴም ልጇም አውሪው ብለው ፈቅደውልኛል፤ ስም ግን አልጠራም።

እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም በሉት አሌክሳንድሪያ፣ ልጅ ማሪዋና ሲያጨስ ከተገኘ መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው «ሀገር ቤት ልላከው» ነው። ቀጥሎ «ሰው እንዳይሰማ»። ከጭንቀት የመጣ ነው፣ ይገባኛል። ግን ልጁ ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው እዚያው ቤት ነው። ቤቱ ካልታከመ ልጁን ብቻ ማከም ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእህቴ ልጅ ሆስፒታል አልተኛም። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ክሊኒክ ይሄዳል፣ ማታ ቤቱ ያድራል። ተመላላሽ ሕክምና ማለት ይሄው ነው። አሜሪካ ውስጥ ለታዳጊዎች በሳምንት ከ6 ሰዓት በታች ከሆነ መደበኛው ነው፤ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠንከር ያለው ይባላል። የቡድን ውይይት አለ፣ ከአማካሪ ጋር ለብቻ መቀመጥ አለ፣ የሽንት ምርመራ አለ። እህቴን ያስደነገጣት ግን ለእሷም ቀጠሮ መያዙ ነው። «እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?» አለች።

ነገሩ ወግ ለማድረስ አይደለም። ማያሚ ውስጥ ሃዋርድ ሊድል የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያዳበሩት የቤተሰብ ሕክምና አለ፤ ልጁን ለብቻ፣ ወላጅን ለብቻ፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ያገኛል። በብራስልስ፣ በበርሊን፣ በፓሪስ፣ በዘ ሄግና በጄኔቭ 450 ታዳጊዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ የካናቢስ፣ ማለትም የማሪዋና ጥገኝነትን በመቀነስ ከግል ምክር የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ወደዚያች ክፍል ልውሰዳችሁ። ይህ ልጅ ከትንሽነቱ ጀምሮ ለእናቱ ያላስተረጎመው የለም፤ የባንክ ደብዳቤ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ሁሉንም። እዚህ ግን አማካሪዋ «አንተ አታስተረጉምም» አለችው። ሕጉም ይሄው ነው፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ በአማርኛ መጣ። እህቴ ለአማካሪዋ ስለ ልጇ ማማረር ስትጀምር፣ «ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ንገሪው» ተባለች። ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

«ማታ ከሥራ ስገባ በርህ ላይ ቆሜ ትንፋሽህን አዳምጣለሁ» አለችው።

ልጁ አስተርጓሚዋን አልጠበቀም። «ማሚ፣ ለምን ገብተሽ አታዪኝም?» አለ። በአማርኛ።

እኔ አክስት ሆኜ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ለካ ልጁ እስከዚያ ቀን የእሷን ጩኸት እንጂ ፍርሃቷን ሰምቶት አያውቅም።

በዚያ ቀን ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ከዚያ በኋላም አጭሷል። ግን ውል አላቸው፤ የትም ቢሆን፣ ምንም ወስዶ ቢሆን ይደውላል፣ እሷ ትመጣለች፣ ያን ሌሊት ስድብ የለም። ንግግሩ በነጋታው ነው። ጸበልም ትወስደዋለች፤ አማካሪዋ ጥሩ ነው አለች እንጂ አልተቃወመችም።

አንድ ነገር አደራ። ከመንገድ የሚገዛ ክኒን ፈንታኒል የሚባል፣ በጥቂቱ እንኳ ትንፋሽ አቁሞ ሊገድል የሚችል መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል። ይህን የሚያረክሰው፣ ናሎክሶን የሚባለው አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ቤት ይኑር፣ ያለበትንም ቦታ ታናናሾቹ ሳይቀሩ ይወቁት።

ክሊኒክ ስትደውሉ ገና ከመጀመሪያው «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። የማታ ፈረቃ ያላችሁ ሰዓቱ እንዲቀየር ጠይቁ፤ በቪዲዮ የሚያገኙም አሉ። አባቶች፣ እናንተም ግቡ። መኪና ውስጥ ሆናችሁ አትጠብቁ።