ቅቤው የት ይገባል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

እኛ አገር መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ወንበሩን ማልበስ ነው። ከፋብሪካ የመጣበትን ፕላስቲክ እንኳ ሳይገፍ ዓመታት የሚነዳ አለ። ከሥር ያለው ቆዳ ምን እንደሚመስል ባለቤቱ የሚያየው ብዙ ጊዜ ሊሸጠው ሲል ነው፤ ልብሱ ሲገለጥ ክረምቱን ታፍኖ የከረመ እርጥበትና ሻጋታ ይጠብቀዋል። ይህ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። የምንቀመጥበት ቆዳ የከብት ጀርባ ነበር። በሕይወት ሳለ ዝናብና ፀሐይ የቻለ ነገር በእኛ እጅ ተሸፍኖ መበላሸት የለበትም።

የእኔ መኪና አሮጌ ናት፤ ስገዛትም አሮጌ ነበረች። በነጂው ወንበር ግራ ጎን ከፍ ያለ ጠርዝ አለ፣ ስንገባና ስንወጣ ጭናችን የሚፈትገው። እዚያ ጋ ቀለሙ ተልጦ ሰማያዊ የሚያጠቃው ግራጫ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ነበር። እዚህ ደብረ ብርሃን የወንበር ልብስ የሚሰፋ ባለሙያ አሳየሁት። «ገፍፈን በሰው ሠራሽ ቆዳ እናልብሰው» አለኝ። ዋጋውም የሚያስከፋ አልነበረም። አመስግኜው ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ቆዳው አልሞተም ብዬ አምኜ ነበርና።

በዚያ ሰሞን የአባቴ እኅት እኛ ቤት ነበሩ። እቴቴ መንዝ ተወልደው ያደጉ፣ ለምድ ሲለፋ፣ ጠፍር ሲተለተል፣ ስልቻና አቅማዳ ሲሰፋ እያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ወንበሩን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና «ቅቤ አምጪልኝ» አሉ። ለእርሳቸው የደረቀ ቆዳ መድኃኒቱ ቅቤና እጅ ነው። ልክም ናቸው። በአገራችን ቆዳ የሚለሰልሰው በቅባትና በእሽት ነው፤ ቅባቱ ገብቶ ቃጫዎቹን ይለያያቸዋል፣ እርስ በርስ ሳይጣበቁ ይንሸራተታሉ፣ ቆዳውም ይታጠፋል።

ቅቤውን ከማምጣቴ በፊት በጣቴ ሁለት የውኃ ጠብታ ወንበሩ ላይ ጣልኩ፤ አንዱን ደህናው ቦታ ላይ፣ ሌላውን የተላጠው ላይ። የተላጠው ወዲያው መጠጠውና ጠቆረ። ደህናው ላይ ግን ጠብታዋ ክብ እንደሆነች ቆመች። እቴቴ አጎንብሰው ብዙ ተመለከቱ። «ይህኛው አይጠጣም» አሉ። «ታዲያ ቅቤው የት ይገባል?»

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው ማለት እችላለሁ።

የመኪና ወንበር ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ የከብት ነው፤ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ብዙ ጊዜ የሚለፋው ክሮሚየም ከሚባል ብረት በሚገኝ የክሮም ጨው ነው፤ አውግስጦስ ሹልዝ የተባለ ሰው አሜሪካ ውስጥ በ1884 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ ለዚህ መንገድ ከፍቷል። ያ ሰማያዊ ግራጫ መልክም የክሮሙ ነው። በላዩ ቀለም ይነፋበታል፣ በቀለሙ ላይ ደግሞ መልክ የሌለው መከላከያ ሽፋን። ሁለቱ ተደምረው ከወረቀት የሳሱ ናቸው። እጃችን የሚነካው፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ የሚሰነጠቀውም ይህ ስስ ሽፋን ነው። ቅቤ ቢቀባ ከላዩ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሻግታል፤ በተላጠው በኩል ቢገባ ደግሞ በኋላ የምንቀባው ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል። የዘይትም፣ የቫዝሊንም ጉዳይ ያው ነው። ቀለም የተቀባ ግድግዳን በቅቤ ለማለስለስ እንደ መሞከር ነው።

የእኛ አገር አየር ለዚህ ሽፋን ከባድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጠነክራል። የጎን መስታወት ደግሞ ከዚህ ጨረር የተወሰነውን ያሳልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀትሩ የሚያቃጥል ፀሐይ ነው። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ በአንድ ጉዞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ሙቀት ትገባላችሁ። ቆዳው በዚህ ሁሉ ሲኮማተርና ሲላላ ሽፋኑ አብሮት መታጠፍ አለበት።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ይህን ሁሉ ስማር ደጋግሜ ያሰብኩት ስለ ቆዳ ፋቂዎቻችን ነው። በቁርበታቸው ተኝተን፣ ለምዳቸውን ለብሰን ብርድ አሳልፈን፣ የሙያቸውን ስም ስድብ አደረግነው። ቅባቱ ስንት እንደሚበቃ፣ እሽቱ መቼ እንደሚቆም በመዳፋቸው ያውቁ ነበር። ያ ዕውቀት ክብር ይገባው ነበር፤ ዛሬም ይገባዋል።

ወደ ሥራው ልመለስ። ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው ማጽዳቱ ነው፤ መውሰድም አለበት። በዱቄት ሳሙና አትጠቡት። በክሮም የለፋ ቆዳ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው። የልብስ ሳሙና ግን ከ9 በላይ ስለሚሆን ቆዳውን ይጎዳዋል። ለቆዳ የተሠራ ማጽጃ ወይም በጣም የቀጠነ ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ብዙ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። አረፋው ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ያረጀ የመሰላችሁ ቀለም ግማሹ እድፍ እንደነበር ታያላችሁ። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ አጠገቡ አይድረሱ፤ ሽፋኑን ሊጎዱት ይችላሉ። ሲደርቅ የሚቀባውን ቦታ ብቻ በአልኮል በራሰ ጨርቅ አብሳችሁ የላብና የቅባት ቅሪት አንሡ፤ ከዚያ በቁጥር 600 የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ፈትጉት፣ ይበልጥ በደቀቀው በቁጥር 1000 አለስልሱት።

ስንጥቅ ካለ የቆዳ ስቱኮ በጣም ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሲደርቅ መፈተግ፣ መድገም። የቤት ግድግዳ ስቱኮ አይሆንም፤ ስለማይታጠፍ ተሰባብሮ ይወድቃል። ቀዳዳ ካለ ከሥሩ ጨርቅ አስገብቶ በማስቲሽ ማያያዝ ነው። ስፌቱ ከተተረተረ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ወንበሩ ጎን ላይ የኤርባግ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው መከላከያ ከረጢት፣ ምልክት ካለ ያንን ስፌት አትስፉት፣ አታጣብቁትም። በአደጋ ጊዜ እንዲተረተር ተብሎ በልዩ ክር የተሰፋ ነው፤ የሰው ሕይወት አለበት።

ከሥራው ሁሉ የምወድደው ቀለሙን ነው። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ለጫማ ሠሪዎች ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች በውኃ የሚቀጥን የቆዳ ቀለም ፈልጉ። የጫማ ቅባት አይሆንም፤ ልብስ ላይ ይነቀላል። የእኔ ወንበር ቡኒ ያዘለ ነጣ ያለ መልክ ነው፤ እርሱን ለማግኘት ነጭ ላይ ቢጫና ቀይ፣ በመጨረሻ እጅግ ጥቂት ጥቁር ጨመርኩ። ጥቁር ቶሎ ያሸንፋልና በስንደዶ ጫፍ ነው የሚጨመረው። ቀለም እርጥብ ሳለና ሲደርቅ መልኩ ይለያያል፤ ስለዚህ ከወንበሩ ሥር በማይታይ ቦታ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ በር ከፍቶ በፀሐይ ማየት ያስፈልጋል። መብራት ሥር የገጠመ መልክ በጠዋት ፀሐይ ሌላ ሆኖ ይወጣል። እቴቴ ከእኔ የተሻለ ዓይን አላቸው፤ «ቢጫው በዛ» ሲሉኝ በዝቶ ነበር።

በስፖንጅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ በአንድ ጊዜ ወፍሮ የተቀባ ይላጣል። በመጨረሻ መከላከያውን ሽፋን፣ ድምቀት የሌለውን፣ ቀቡበት። በእኛ ብርድ ደግሞ ሥራውን ቀትር ላይ አድርጉት። በውኃ የተሠራ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፤ የፀጉር ማድረቂያ ከሩቅ ማዞር ይረዳል። ከዚያ ጥቂት ቀን ሳይቀመጡበት መታገሥ ነው።

እቴቴ አሁንም ነጂው ወንበር ላይ አጎዛ ካልተነጠፈ ይላሉ፤ በዚህ እስማማለሁ። የበግ ቆዳ ከነጸጉሩ አየር ያሳልፋል፣ እርጥበት አያፍንም፣ በጠዋት ብርድም ይሞቃል። ግን አልፎ አልፎ እያነሣሁ አናፍሰዋለሁ።

የኋላው ወንበር ገና ነው። ቀለሙ ስላልተላጠ አልቀባውም፤ ስፌቱ ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ በብሩሽ አውጥቼ፣ አጽድቼ እተወዋለሁ።