ባሕር ዛፉን ማማቴ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስቱዲዮ የለም። አክስቴ ደጅ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ነው የምቀዳው። አውራ ዶሮው ቢጮህ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ቤቱ የእሱ ነው።

ያለሁት ወጨጫ ተራራ ሥር ነው፣ መናገሻ ሱባ ደን አጠገብ። ከአዲስ አበባ ያን ያህል አይርቅም። ግን ትናንት ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አክስቴ «በል ተኛ እንግዲህ» ስትለኝ ሌላ አገር የመጣሁ መሰለኝ። መኪና የለ፣ ሙዚቃ የለ። ጸጥታውን አላምነው ብዬ ጆሮዬን አቁሜ አደርኩ።

ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ታኅሣሥ ነው፣ ምን ይደረግ። ጋቢ ደርቤ ወጣሁ። አንድ የጎረቤት ሽማግሌ «አካም ቡልተኒ» አሉኝ። የኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ፣ ሰላምታዬን መልሼ ሌላ ጥያቄ ሳይመጣ ላጥ አልኩ።

መንገዱ መጀመሪያ በባሕር ዛፍ መሀል ነው። ቅጠሉ እግር ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ሣር የሚባል እምብዛም የለም። እኔ ደግሞ ባሕር ዛፍ ማማት እወዳለሁ። ውሃ መጣጭ፣ መሬት አድራቂ፣ ታውቁታላችሁ። ዛሬም ብቻዬን ሳማው ነበር።

ደኑ ውስጥ ስገባ ግን የራሴ ኮቴ ጠፋኝ። መሬቱ ለስላሳ ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው ተደራርቦ ሰማዩን ቆራርጦታል። መሬት ከወደቀ የጥድ ቅርንጫፍ ስንጣሪ ሰብሬ አሸተትኩት። እርሳስ! የአንደኛ ክፍል እርሳስ፣ ልክ ስንቀርጸው የሚሸተው። ለካ የዚህ ዛፍ እንጨት እርሳስም ይሠራበታል። ቆሜ ደጋግሜ አሸተትኩት፤ የሚያየኝ ሰው አለመኖሩ በጀኝ።

ሰውስ የለም፣ ጉሬዛ ግን ነበር። ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ከላይ ወደ ታች ይገላምጠኛል። እሱን ፎቶ ላነሳ ስንጠራራ እጄን ሳማ ውስጥ ከተትኩት። የሳማን ነገር የተለበለበ ያውቀዋል።

እጄን እያሻሸሁ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እና ትዝ አለኝ። ይኼን ደን ያስተከሉት በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል፤ የጥዱን ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው። ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ እኔ «የተፈጥሮ» እያልኩ የማደንቀው ደንም ሰው ያስተከለው ነው ማለት ነው። ታዲያ ባሕር ዛፉን ለምንድን ነው «የተተከለ ነው» ብዬ የምንቀው?

ስመለስ ሁለት ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። አንዷ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋ ኖሮ መልሼ ላሸክማት ሞከርኩ። አቤት ክብደቱ! እሷ ሳቀችብኝና ጎንበስ ብላ ሄደች። ለእኔ ሽርሽር የሆነው መንገድ ለእሷ የሥራ መንገድ ነው።

ቤት ስደርስ ቡናው እየተቆላ ነው። «አክስቴ፣ ማገዶው ምንድን ነው?»

«ባሕር ዛፍ ነዋ! ከጓሮዬ። ምን፣ ያንን ጥድ ቆርጬ ላንድደው አማረህ?»

ዝም ብዬ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። የቤቷ ማገር እሱ፣ አጥሯ እሱ፣ የልጇን የትምህርት ቤት ወጪ የሸፈነውም የተሸጠ ባሕር ዛፍ ነው። ውሃ መምጠጡን አሁንም አልካድኩም። ግን እዚህ ቤት ተቀምጬ፣ በእሱ እሳት የፈላ ቡና እየጠጣሁ ማማቱ አሳፈረኝ።

አቦሉን ጠጣሁ። ቶናውንም። ከዚያ መደቡ ላይ ጋደም አልኩ፤ ለአምስት ደቂቃ። ስነቃ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዞራለች፣ ጋቢው ላዬ ላይ ተደርቧል፣ ጎረቤቶች ጠጥተው ሄደዋል። ስልኬን ሳየው ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልፈለገኝም። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም።

እጄ አሁንም ያሳክከኛል። አክስቴ ደግሞ ከውስጥ እየተጣራች ነው። «በረካውን ሳይጠጣ የሚተኛ እንግዳ አይቼ አላውቅም» እያለች ለብቻዬ አሙቃልኛለች። ልግባ፣ ሳይቀዘቅዝ።