ኮሎምቦ ከበር ሲመለስ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ከጎንደር ሆኜ የማወራችሁ ስለ ፒተር ፎክ ነው፤ በቴሌቪዥን መርማሪ ኮሎምቦን ሆኖ ስለተጫወተው። እዚህ ከተማችን ትወና የምትለማመዱ ልጆች በተለይ ጆሮ ስጡኝ፤ ከዚህ ሰው የሚቀሰም ብዙ ሙያ አለ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ፎክ በ1927 ኒውዮርክ ተወለደ። በሦስት ዓመቱ ቀኝ ዓይኑ በካንሰር ምክንያት ወጣ፤ በ2011 እስኪሞት ድረስ በሰው ሠራሽ ዓይን ኖረ። ለትወና ሙሉ ጊዜውን የሰጠው ወደ ሠላሳው ሲጠጋ ነው፤ ከዚያ በፊት ኮነቲከት ውስጥ የመንግሥት በጀት ቢሮ ሠራተኛ ነበር። ዘግይቶ ቢጀምርም በ1960 እና በ1961 በወጡ ፊልሞች በረዳት ተዋናይነት ለኦስካር ታጨ። ኮሎምቦን ከ1968 እስከ 2003፣ መሃል ላይ እያቋረጠ፣ ተጫወተው። ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት አራት ጊዜ አግኝቶበታል።

እኔ ግን ከሁሉም የምወድለት ከበር መመለሱን ነው። ኮሎምቦ ተጠርጣሪውን አመስግኖ ይወጣል፤ ሰውየው እፎይ ሲል ዞር ብሎ «አንድ ነገር ብቻ» ይለዋል። ነገሩ የተወለደው መድረክ ላይ ነው። ደራሲዎቹ ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክ የኮሎምቦን ቴአትር ሲጽፉ፣ መርማሪው ከወጣ በኋላ ትዕይንቱ አጥሮ አገኙት። ገጹን እንደ አዲስ በታይፕ መምታቱ ስለሰለቻቸው ሰውየውን ከበር መለሱት።

ይህን ስትሞክሩት የሚበላሸው መውጣቱ ላይ ነው። ተዋናዩ እንደሚመለስ ስለሚያውቅ እግሩ ይጎተታል፤ ተመልካች ደግሞ ወዲያው ይነቃበታል። ስለዚህ መጀመሪያ መመለሱን ከልምምዱ አውጡት። በሩን ዘግታችሁ መሄዱን ብቻ አምስት ስድስት ጊዜ ሥሩ። የምትሄዱበት ቦታም ይኑራችሁ፤ ፒያሳ ቀጠሮ አለብኝ፣ ቅዳሜ ገበያ እደርሳለሁ በሉ። ከዚያ መመለሱን ጨምሩ። የምትዞሩት በልባችሁ እየቆጠራችሁ ሳይሆን የባልደረባችሁን ትንፋሽ ሰምታችሁ ይሁን። እሱ እፎይ ሳይል ከዞራችሁ ትዕይንቱ አለቀለት።

ኮሎምቦ የሚለብሰው ካፖርትስ? የፎክ የራሱ ነበር። የለመዱት ልብስ ምን እንደሚጠቅም እዚህ በጋቢ ልንገራችሁ። አዲስ ጋቢ በቀረጻው ዕለት ደርቦ የመጣ ተዋናይ፣ ከትከሻው እየተንሸራተተበት ሲመልስ ይውላል፤ ቃሉም ይጠፋዋል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ እየለበሳችሁ ተቀመጡበት፣ ብሉበት፣ ደረጃ ውጡበት። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ ጫፉ በየትኛው ትከሻ እንዳለ ፎቶ አንሱ፤ አለበለዚያ ሲቀናበር በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ከግራ ወደ ቀኝ ይዘላል። የደረት ማይክ ከተደረገላችሁ ደግሞ ጋቢው እየፈተገው ድምፁን ያበላሻል። ማይኩ በፕላስተር ሸሚዙ ላይ ይያዝ፤ ጋቢው እዚያ ላይ ገለጥ ይበል። ድምፅ ባለሙያው ሳይሰማው «ቀረጻ» አታስብሉ።

ፎክ ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር እየጨመረ፣ እርሳስ ፍለጋ ኪሱን እየበረበረ፣ አብሮት የሚጫወተውን ሰው ሆን ብሎ ያደናግር ነበር። ድንቅ ነው፤ ግን ዳይሬክተራችሁን ሳታስፈቅዱ አትሞክሩት።

ስለ ዓይን አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራው ፊታችሁ ድረስ ሲቀርብ፣ የባልደረባችሁን ግራና ቀኝ ዓይን እያፈራረቃችሁ ካያችሁ ብሌናችሁ ሲዋልል ይታያል። ለካሜራው የሚቀርበውን አንዱን ዓይን ምረጡና ንግግሩ እስኪያልቅ እዚያው ላይ ቆዩ።