ሂሳብ ክፍል ውስጥ የጮኸው ስልክ

ስለዚያ ሌሊት ከዚህ በፊት አውርቼላችሁ ነበር። መብራት የጠፋበት፣ የሆስፒታላችን የስልክ ማዞሪያ የተሞላለትን ሁሉ የረሳበት፣ የስልክ ኦፕሬተራችን የእትዬ ብርቄ ሰማያዊ ደብተር ያዳነችን ሌሊት። ያን ጊዜ ስተርክላችሁ ደስ እያለኝ ነበር። ብዙዎቻችሁ ለእትዬ ብርቄ ሰላምታ ልካችኋል፤ አድርሻለሁ፤ እርሳቸውም መርቀዋችኋል። ግን አንድ ነገር ዘልዬ ነበር። ሆን ብዬ ይሁን ሳላስበው፣ እንጃ። ዛሬ የተቀመጥኩት እሱን ለመናገር ነው።

ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፏል። ሆስፒታሉ ጄኔሬተር አለው፤ ተነስቷል፤ ኮሪደሩ በርቷል። ማዞሪያው ግን መብራቱ ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ባለችው አንድ ደቂቃ ውስጥ ጠፍቶ ነበር። ያቺን ደቂቃ መሸፈን የነበረበት ዩፒኤሱ ነው፤ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ከባትሪው ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ። የዩፒኤስ ባትሪ ዕድሜው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው፤ ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ሲደክም ደግሞ አይናገርም። ከፊት ለፊቱ ያለችው አረንጓዴ መብራት እንደበራች ትቆያለች፤ ከግድግዳው ኃይል እየመጣ መሆኑን ነው የምትነግረን፤ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚሸከም አትነግረንም። ይህንን ለማወቅ በቀን፣ ሰው ባለበት፣ ሶኬቱን መንቀል ያስፈልጋል። ደፍሮ የሚነቅል ግን የለም። እኔም ለሁለት ዓመት አልነቀልኩም።

በማዞሪያው ቦርድ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪም ደክማ ነበርና፣ ኃይል ሲመለስለት ከፋብሪካ እንደወጣ ዕለት ሆኖ ተነሳ። የየክፍሉ ቁጥር የለም፣ የማታው አደራደር የለም፣ ምንም የለም። እኔ ዘንድ የነበረው የማዞሪያው መረጃ ቅጂ ያረጀ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግማሹ ሆስፒታል ክፍል ቀይሯል። እትዬ ብርቄን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሼ ጠየቅኳቸው። «በቀኝ በኩል ያለውን መሳቢያ ክፈት፤ ሰማያዊዋ ደብተር» አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል በተዛወረ ቁጥር በእርሳስ እየሰረዙ በእርሳስ እየጻፉ የያዟት ደብተር። እኔ ያዘጋጀሁት አሥራ አራት ገጽ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ በዚያ ሰዓት ቢሮ ውስጥ፣ በጠፋ ኮምፒውተር ላይ ተኝቶ ነበር።

እስከዚህ ታውቁታላችሁ።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያስገባሁ ነው። ማዋለጃ 214። ላቦራቶሪ 118። ዘበኛው ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ካፖርታቸው እየተንጠባጠበ። «ልጄ፣ ስልክ ይጮሃል» አሉኝ።

«የት?»

«እዚያ፣ ሂሳብ ክፍል።»

ሰማሁት። ሂሳብ ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉ ገንዘብ ያዧ ጋር ነው፤ እሷ ቤቷ ተኝታለች። «ይተዉት ጋሼ» አልኩ። «በዚህ ሰዓት ሂሳብ ክፍልን የሚፈልግ ማን አለ? ተሳስተው ነው።»

ደስም ብሎኝ ነበር። ይህንን ነው የዘለልኩባችሁ። ስልክ መጮህ ጀመረ ማለት ማዞሪያው ነፍስ ዘራ ማለት ነው ብዬ በልቤ ፈገግ ብያለሁ። እናም ማዋለጃ፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ እያልኩ ቀጠልኩ።

ሦስት ጊዜ ጮኸ። የመጀመሪያው ረጅም ነበር፤ ሰው አንስቶ እስኪሰማ ድረስ የሚጠብቅ ሰው አደዋወል። ጸጥ አለ። ሁለተኛውም ረጅም። ሦስተኛው ሁለቴ ብቻ ጮኾ ተቋረጠ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ጥሪዎች ወዴት እንደሚሄዱ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ስከፍት ነው የገባኝ። ያ ማዞሪያ ሁሉን ሲረሳ ከውጭ የሚመጣን ጥሪ በሙሉ ወደ መጀመሪያው የውስጥ መስመር ይልካል። በዚያ ሕንፃ የመጀመሪያው መስመር የተዘረጋው ሂሳብ ክፍል ነው። ስለዚህ ያን ሌሊት የተደወለው ተሳስቶ አልነበረም። ለሆስፒታሉ ነው የተደወለው። ቁጥሩ በእርግዝና ክትትል ካርዱ ጀርባ ላይ ታትሟል፤ ምጥ ሲጀምር፣ ደም ሲታይ ይደውሉ ይላል።

መስመሩ ጨርሶ ቢሞት ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። የሞተ ስልክ እውነቱን ይናገራል፤ ሰው ዘግቶ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውላል፣ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። የሚጮህ ስልክ ግን ጠብቁኝ ይላል። ይሄው መጡ፣ ይሄው ሊያነሱ ነው እያሰኘ ያስቀምጣል።

የሂንስዴልን ነገር አስታውሳለሁ። ቺካጎ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1988፣ እሑድ፣ አሜሪካኖች የእናቶችን ቀን በሚያከብሩበት ዕለት፣ የኢሊኖይ ቤል የስልክ ጣቢያ ተቃጠለ። 35,000 ያህል የአካባቢው ደንበኞች ስልክ አጡ፤ አገልግሎቱን መመለስ ሳምንታት ፈጀ። በሙያችን ስለ አደጋ ዝግጅት ሲወራ የሚነሳው የኬብሉ ቃጠሎ ነው፣ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ አለመኖሩ ነው። እኔን የሚይዘኝ ሌላው ነው። ጣቢያው ውስጥ ሰው አልነበረም፤ የማስጠንቀቂያው ምልክት የደረሰው ሌላ ከተማ፣ ስፕሪንግፊልድ፣ ለተቀመጠ ተቆጣጣሪ ነው። ምልክቱ ታይቷል። ለእሳት አደጋ ግን ወዲያው አልተደወለም። ያ ሰው ምን አስቦ ይሆን? እንደ እኔ «ይተዉት» ብሎ ይሆን? ልፈርድበት አልችልም። ድሮ እፈርድበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ብዙ ነው። ቅጂው በየወሩ ይወሰዳል፤ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጣል። ሶኬቱን እነቅላለሁ። በማዞሪያው ላይ ኃይል ሲጠፋ የውጭውን መስመር በቀጥታ ለአንድ ተራ ስልክ የሚያስረክብ ቀዳዳ አለ፤ ለዓመታት ባዶውን ነበር፤ አሁን የድንገተኛ ክፍሉ ስልክ ተሰክቶበታል። ተራ ስልክ የሚሠራበትን 48 ቮልት የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ ነውና የሕንፃው መብራት ሄደ አልሄደ አይገደውም። እርግጥ ያን ሌሊት ይህም አያድነንም ነበር፤ ኃይል ተመልሶ ነበርና። የሚያድነን ሌላ ነገር ነበር፤ በእኛ ማዞሪያ ላይ ሳይሆን በቴሌ በኩል «ካልተነሳ ወደዚህ ሞባይል ይዙር» ማስባል። ሕንፃው ቢቃጠል እንኳ ይሠራል። የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር። የአንድ ቀን።

ዕቅዴ ላይ «በአራት ሰዓት ውስጥ አገልግሎት ይመለሳል» ብዬ ጽፌ ነበር። ተመለሰ የምለው ምን ሲሆን እንደሆነ አልጻፍኩም። መብራቱ ሲበራ ነው? ስልኩ ሲጮህ ነው? አሁን ሰርዤዋለሁ፤ በምትኩ ምን እንደምጽፍ ግን... «ሰው አንስቶ አቤት ሲል» ብዬ ጻፍኩ። አለቆቹ ይህ የዕቅድ ቋንቋ አይደለም አሉኝ። ምናልባት እውነታቸውን ነው።

በዚያ መስመር ላይ የደዋይ ቁጥር አይመዘገብም። በማግሥቱ ድንገተኛ ክፍል ሄጄ ሌሊት ማን መጣ ብዬ ጠይቄ ነበር። ሁለት እናቶች መጥተዋል፤ ሁለቱም በሰላም ተገላግለዋል። ደውላችሁ ነበር ወይ ብዬ ልጠይቃቸው በሩ ድረስ ሄድኩ። አንደኛዋ ተኝታለች፤ እናትየዋ አጥሚት ይዘው አጠገቧ ተቀምጠዋል። «ምን ፈለግህ ልጄ?» አሉኝ። ስልክ ላይ ችግር ካለ ብዬ ነው አልኩና ተመለስኩ። ቢሉኝስ ኖሮ፣ አዎ ደውለን ነበር ቢሉኝ፣ ቢያንስ... አይ፣ እሱም ቢሆን።

ጋሼ ጉዳዩን አንስተውብኝ አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ግን በር ላይ ሰላም ስንባባል፣ ውስጥ አንድ ስልክ ጮኸ፤ ሁለታችንም ዝም አልን። እስኪነሳ ድረስ ቆምን። ተነሳ። እርሳቸው ወደ ወንበራቸው ሄዱ፣ እኔ ወደ መኪናዬ፣ እና...